ካቴናው አዲስ ነው፣ ሞተር መጋዙ ግን ቀጥ ብሎ አይቆርጥም

ሰላም ወንድሞች፣ ጨንቆኝ ነው። እንጅባራ አካባቢ ባህር ዛፍ ቆራጭ ነኝ። መጋዜ ከሁለት ሳምንት ወዲህ ግንዱ ግማሽ ላይ ሲደርስ ወደ ቀኝ ይታጠፍና ይነክሳል። በጉልበት ስገፋው ባሩ፣ ማለትም ካቴናው የሚዞርበት ብረት፣ ይግልና ጠርዙ ሰማያዊ ይሆናል።

መጀመሪያ የስለት ችግር መስሎኝ ጥርሶቹን በሁለቱም ወገን እኩል ሞረድኩ። ለውጥ የለም። አዲስ ካቴና ገዛሁ፣ ያው ነው። ያኔ ነው ባሩን ፈትቼ ያየሁት። የዘይቱ ቀዳዳ በብናኝና በዘይት ተለውሶ እንደ ጭቃ ተደፍኗል። በሽቦ ጠረግኩት፤ አሁን ጫፉን ወደ ካርቶን አስጠግቼ ሳስነሳው ዘይት ይረጫል። ሙቀቱ ቀነሰ፣ ጥመቱ ግን አለ። ባሩን መስታወት ላይ በጠርዙ ሳቆመው ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ገልብጬ ብገጥመው ደግሞ ወደ ግራ ሄደ!

ሌላም ጉድ አለ። ካቴናው ቦዩ፣ ማለትም ባሩ ጠርዝ ላይ ያለው የሚሄድበት ስንጥቅ፣ ውስጥ በጣት ሲገፋ ግራ ቀኝ ይወዛወዛል። ባሩ ላይ የቦዩ ስፋት 1.6 (ሚሊሜትር) ተብሎ ተጽፏል፣ የገዛሁት ካቴና 1.5 መሆኑን ያየሁት ቤት ገብቼ ነው (ሳላይ የከፈልኩት እኔው ነኝ)።

ከፍ ያለውን ጠርዝ በጠፍጣፋ ሞረድ አስተካክዬ 1.6 ካቴና ብገጥም ይበቃል? ወይስ ቦዩ ራሱ ሰፍቶ ባሩ አልቆለታል? በምን ልለየው? ቦይ አጥብቦ የሚሠራ ባለሙያ የምታውቁ ካላችሁም ጠቁሙኝ። ሐሙስ አንድ መኪና ግንድ ማስረከብ አለብኝ።