ለአሮጌ የናፍጣ ፒክአፕ ትንሿን ገንዘብ በቅድሚያ በምኑ ላይ ላውጣት?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። ከሁለት ወር በፊት 280,000 ኪሎ ሜትር የሄደች፣ 2.5 ሊትር ሞተር፣ ተርቦ (ወደ ሞተሩ አየር የሚነፋ) እና ኢንተርኩለር (ያን አየር የሚያቀዘቅዝ) ያላት፣ ኮመን ሬል (ናፍጣው በአንድ የጋራ ቱቦ በከፍተኛ ግፊት ተጠራቅሞ የሚከፋፈልባት) የናፍጣ ፒክአፕ ገዝቻለሁ። ጠዋት እስክትነሳ ድረስ ሞተሪኖው (ማስነሻው) ረጅም ጊዜ መዞር አለበት፤ ጭነት ይዛ ዳገት ስትወጣ ደግሞ ጉልበት ያጥራታል፣ ጥቁር ጭስም ትለቃለች። አንድ ጋራዥ አራቱም ኢንጀክተሮች (ናፍጣውን ወደ ሲሊንደሮቹ የሚረጩት) እንዲቀየሩ ነግሮኛል። ሌላ ሰው ደግሞ የሞተሩን ኮምፒውተር ፕሮግራም አስቀይሬ ጉልበት ብጨምርላት እንደሚሻል መክሮኛል። ያለኝ ገንዘብ ከሁለቱ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ሲሆን፣ የፍሬን ሸራዎቹ ሳስተዋል፣ የኋላ ባሌስትራዋም (ጭነቱን የሚሸከመው፣ ከተደራረቡ የብረት ቅጠሎች የተሠራው) ጭነት ሲኖር ወደ ታች ይተኛል። መኪናዋ የዕለት እንጀራዬ ስለሆነች ለብዙ ቀናት ልትቆምብኝ አልችልም። በምን ቅደም ተከተል ብሠራት ይሻላል? በራሴ እጅ የምሠራውስ የትኛውን ነው?

መልስ 1

ወንድሜ፣ አንድም ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት ያስለኩ፣ ይፈትሹም። ጥቁር ጭስ ማለት ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው ናፍጣ አየሩ ሊያቃጥለው ከሚችለው በልጧል ማለት ነው፤ ስለዚህ ናፍጣውን ከመውቀስ በፊት አየሩ የት እንደሚጠፋ መፈለግ ይገባል። የአየር ማጣሪያውን አውጥተው ይመልከቱ። ቀጥለውም ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ከተርቦው ወደ ኢንተርኩለሩ፣ ከዚያም ወደ ሞተሩ የሚሄዱትን የጎማ ማኒኮቶዎች (የአየር ቱቦዎች) አንድ በአንድ በእጅዎ እያጠፉ ይመርምሩ። በተለይ ከታች በኩል ያለውን፣ ዓይን የማያየውን ጎን አይዝለሉት።

ይህን የምለው ከደረሰብኝ ተነስቼ ነው። እኔ የምነዳው ተመሳሳይ መኪና ተርቦው አልቋል ተብሎ ሊቀየር ሲል፣ አንደኛው ማኒኮቶ ማጥበቂያ ቀለበቱ ከሚያርፍበት አጠገብ የጥፍር ስፋት ያህል ተሰንጥቆ አገኘሁት። ሞተሩ ሲቆም ስንጥቁ ከንፈሩን ስለሚገጥም ምንም አይታይም፤ ተርቦው ሲነፋ ብቻ ይከፈት ነበር። ያጋለጠው ነገር በዙሪያው በስስ የዘይት ወዝ ላይ የተለጠፈው አቧራ ነው። የአየር መጠን ለኪው ሴንሰር ከተርቦው በፊት ስለሚገኝ፣ ኮምፒውተሩ በመንገድ ለጠፋው አየር ጭምር ናፍጣ ይመድባል፤ ጭሱም ከዚያ ይመጣል።

መልስ 2

በአየሩ ጉዳይ እስማማለሁ። የጠዋቱን አነሳስ በተመለከተ ግን ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ስለሚችል ለብቻው ቢታይ ይሻላል።

በባትሪው ይጀምሩ፤ ሞተሩ ለረጅም ሰዓት ቆሞ ሲለካ ወደ 12.6 ቮልት ሊያሳይ ይገባል። ካንዴሌታዎቹንም (ቀዝቃዛው ሞተር ሲነሳ ሲሊንደሮቹን የሚያሞቁትን) ገመዳቸውን ነቅለው በኦም መለኪያ ይለኩ፤ ደህናው በጣም አነስተኛ ንባብ ሲሰጥ የተቃጠለው ምንም ንባብ አይሰጥም። ቀጥሎ በናፍጣ ማጣሪያው ሥር ያለውን ማፍሰሻ ላላ አድርገው የተጠራቀመውን በጠራ ዕቃ ይቀበሉ። ውኃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ከሥር ተለይቶ ይታያል፤ ለፓምፑና ለኢንጀክተሮቹ ደግሞ ከውኃ የከፋ ጠላት የለም።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ብቻ ወደ ኢንጀክተሮቹ ይሂዱ። በኮመን ሬል ሞተር ላይ በጋራው የናፍጣ ቱቦ (ሬል) ውስጥ የተወሰነ ግፊት ካልተጠራቀመ ኮምፒውተሩ ኢንጀክተሮቹን አይከፍትም። ውስጡ ያለቀ ኢንጀክተር ናፍጣውን በመመለሻ ቱቦ ወደ ታንከሩ ስለሚለቀው፣ ግፊቱ እስኪሞላ ሞተሪኖው ብዙ ይዞራል። አራት እኩል የሆኑ ጠርሙሶችን በቀጫጭን ቱቦዎች ከአራቱ መመለሻዎች ጋር አገናኝተው ሞተሩን በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረግጡ) ለጥቂት ደቂቃ ያስነሱት። ከሌሎቹ በግልጽ ቀድሞ የሚሞላው ጠርሙስ ጥፋተኛውን ይነግርዎታል። ብዙ ጊዜ አንዱ ወይም ሁለቱ ናቸው፤ አራቱን በአንድነት መቀየር ያለ ልኬት የሚሰጥ ፍርድ ነው። የሚቀየረውን ሲገጥሙ ከሥሩ ያለችውን የመዳብ ቀለበት በአዲስ ይተኩ፤ ኢንጀክተሩ ላይ ኮድ ከተጻፈበትም ኮዱ ወደ ኮምፒውተሩ እንዲገባ ያድርጉ።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምንዎታለሁ፦ ሞተሩ እየሠራ የከፍተኛ ግፊት ቱቦዎቹን እንዳያላሉ፣ ፍሳሽ ለመፈለግም እጅዎን እንዳያስጠጉ። ግፊቱ ከ1,000 ባር በላይ ሊደርስ ስለሚችል ናፍጣው ቆዳ በስቶ ይገባል፤ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት የሚያስኬድ አደጋ ነው።

መልስ 3

ሁለቱም የሰጡት ምክር ጥሩ ነው፤ ቅደም ተከተሉን ግን እኔ እቀይረዋለሁ። ጭነት የሚጭን መኪና ሸራው ሳስቶ ሳለ ለሞተሩ ጉልበት አንድ ሳንቲም መውጣት የለበትም። ፍሬኑን አሁኑኑ ያሠሩ፤ የፍሬን ዘይቱም እርጥበት ስለሚስብ መቼ እንደተቀየረ ካላወቁ አብሮ ይቀየር።

ባሌስትራውን በተመለከተ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። በብዙ ፒክአፖች ላይ ከኋላ አክስል ጋር በዘንግ የተያያዘ፣ በጭነቱ ልክ የኋላውን ፍሬን የሚያጠነክርና የሚያላላ ቫልቭ ይገኛል። ተጨማሪ ቅጠል አስገብተው የኋላውን ከፍ ሲያደርጉት፣ ቫልቩ መኪናዋ ባዶ እንደሆነች ቆጥሮ በጭነት ጊዜ የኋላ ፍሬኑን ያሳንሰዋል። ስለዚህ ከባሌስትራው ሥራ ጋር ዘንጉም እንዲስተካከል ይንገሯቸው። ቅጠል መጨመር መተኛቱን ቢቀንስም፣ ፋብሪካው የፈቀደውን የጭነት ልክ እንደማይጨምር ደግሞ ያስታውሱ።

ፕሮግራም ማስቀየሩን ግን አልመክርም። ተጨማሪ ናፍጣ ተጨማሪ ሙቀት ነው፤ በዳገት ላይ ከተርቦው በፊት ያለው የጭስ ሙቀት ከ700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ እየሆነ ከቆየ ፒስተንና ተርቦ ይጎዳሉ፣ ያረጀ ፍሪሲዮንም (ሞተሩን ከማርሹ ጋር የሚያገናኘው) መንሸራተት ይጀምራል። 280,000 ኪሎ ሜትር በሄደ ሞተር ላይ ኮምፕረሽኑ (ሲሊንደሮቹ አየሩን የሚያምቁበት ግፊት) ተለክቶ፣ ራዲያተሩም ታጥቦ ካልታየ በቀር ስለ ጉልበት መነጋገር ጊዜው አይደለም።

ጠያቂው

ስለ ምክራችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። በመጀመሪያ የፍሬን ሸራዎቹንና ዘይቱን አስቀየርኩ። በማግስቱ ማጣሪያው ሥር ያለውን ሳፈስስ ግማሽ ብርጭቆ የሚሆን ውኃ ወጣ። ከአራቱ ካንዴሌታዎች ሁለቱ ሞተው አገኘኋቸው። ማኒኮቶውም እንደተባለው ከታች በኩል ወዝቶ ስለነበር ሳጥፈው ስንጥቁ አፉን ከፈተ። እነዚህንና ሁለቱን ማጣሪያዎች ከቀየርኩ በኋላ መኪናዋ ጠዋት ያለ ችግር ትነሳለች፤ በዳገቱም ጭሱ ከሞላ ጎደል ጠፍቷል። የጠርሙሱንም ፈተና ሠርቼ ሦስተኛው ከሌሎቹ ትንሽ ብቻ ቀድሞ ሞላ። አሁኑኑ መቀየር አለበት ወይስ ባሌስትራውን ላስቀድም?

መልስ 2

ልዩነቱ ትንሽ ከሆነና አነሳሷ ከተስተካከለ ባሌስትራውን ያስቀድሙ። የጠርሙሶቹን መጠን በማስታወሻ ይጻፉትና በሚቀጥለው የዘይት ቅያሪ ለተመሳሳይ ደቂቃ ደግመው ይለኩ፤ ሦስተኛው እየራቀ ከሄደ ያን ጊዜ እሱን ብቻ ይቀይራሉ።