ሴሊካ ወይስ ጎልፍ ጂቲአይ? ለአዳማ መንገድ፣ ለማሻሻያና ለሙሉ ኢንሹራንስ

ካንዴላ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት መኪና ላይ ዓይኔን ጥያለሁ፤ የ2002 ሞዴል ቶዮታ ሴሊካ 1.8 ማንዋል እና የ2007 ጎልፍ ጂቲአይ 2.0 ቱርቦ አውቶማቲክ። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። የምኖረው አዳማ ሲሆን በፍጥነት መንገዱ አዲስ አበባ እመላለሳለሁ። ዝቅ ላስደርገው፣ ቸርኬና ማርሚታ ልቀይር፣ ጂቲአዩ ከሆነ ደግሞ ጉልበት እንዲጨምር የሞተሩን ኮምፒውተር ላስጽፈው አስቤያለሁ። የቱ ይሻላል? ከመግዛቴ በፊት ምን ምኑን ላስፈትሽ? ኢንሹራንሱስ?

ቴስታታ፦
ወንድሜ፣ ከፈረስ ጉልበቱ በፊት ከፍታውንና ቤንዚኑን አስብ። አዳማ ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ በ18 በመቶ ገደማ ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሴሊካ በወረቀት 140 ፈረስ ጉልበት ቢባልም እዚህ የሚሰጥህ 115 አካባቢ ነው። በአዲስ አበባ በኩል ወዳለው ቱሉ ዲምቱ ስትወጣ ደግሞ ከዚያም ይወርዳል። ጂቲአዩ የጎደለውን አየር ቱርቦው ስለሚሞላለት 200ውን ከሞላ ጎደል ይዞ ይቆያል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይወስናል፤ ቤንዚኑ ግን ነገሩን ይገለብጠዋል። ሴሊካው ከፍታ ላይ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው አየር ስለሚቀንስ ዝቅ ያለ ኦክቴን (ቤንዚኑ ያለጊዜው እንዳይነድ የመቋቋም ደረጃው) ይበቃዋል። ጂቲአዩ ግፊቱን መልሶ ስለሚሞላ የኦክቴን ፍላጎቱ አይቀንስለትም፤ የተሠራው ለ95ና ከዚያ በላይ ነው። ማደያችን ላይ መርጠህ የምትቀዳው ከፍተኛ ኦክቴን የለም። ቤንዚኑ ያለጊዜው ነዶ ሞተሩ ማንኳኳት ሲጀምር ሴንሰሩ የእሳቱን ታይሚንግ ያዘገያል፤ ጉልበት ይቀንሳል፣ የጭሱ ሙቀት ይጨምራል፣ ቱርቦው ይጎዳል። ለ98 ኦክቴን የተጻፈ የኮምፒውተር ፕሮግራም በዚህ ቤንዚን ላይ መጫን ፒስተን ማሰበር ነው። ኮምፒውተሩን የማስጻፉን ሐሳብ ተወው። ያለ እሱ ጂቲአይ መግዛት ካላስደሰተህ ሴሊካውን ውሰድ።

ካቴና፦
ስለ ፍተሻው እኔ ልጨምር። የሴሊካው ሞተር 1ዜድዜድ የሚባለው ከሆነ እስከ 2002 አካባቢ የተሠሩት ዘይት በመብላት ይታወቃሉ። ፒስተኑ ላይ ያሉት የዘይት መመለሻ ቀዳዳዎች ትንንሽ ናቸው፤ ሲደፈኑ የዘይት ፋሻው (ፒስተኑን የከበበው ቀለበት) ይጣበቃል። ኮምፕረሽን (የሲሊንደሩን ግፊት) ማስለካት ብቻውን አያሳይህም፣ ምክንያቱም ግፊቱን የሚይዙት የላይኞቹ ፋሻዎች ናቸው። ይልቅ ረጅም ቁልቁለት በማርሽ ይዘህ ውረድና ከታች ነዳጅ ስጠው፤ ከኋላ ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ነገሩ ያ ነው። አራቱንም ካንዴላ አስወጣ፣ በዘይት የራሰ ካለ ሻጩን ጠይቅ። ሞተሩ የሚይዘው 3.7 ሊትር ብቻ ስለሆነ በ1,000 ኪሎ ሜትር ግማሽ ሊትር ቢበላ ቶሎ ይጎድላል፤ ሞተር የማውረጃውን ወጪ ከዋጋው ላይ አስቀንስ። መፍትሔው ቀዳዳው የተሻሻለው ፒስተን ከነፋሻው ነው። ይህ ሞተር ኮሮላ ላይም ስላለ የውስጥ ዕቃው ይገኛል። ፋኖስና ባምፐር ግን የሴሊካ ብቻ ነው፣ እሱ ያስቸግርሃል።

ጂቲአዩ ላይ የነዳጁን ከፍተኛ ግፊት ፓምፕ በሦስት ቶርክስ ቡሎን ፈትተው ከሥሩ ያለችውን ትንሽዬ ኩባያ መሰል ዕቃ ያሳዩህ። ጥቁር ሽፋኗ ከተላጠ ትቀየር፤ ርካሽ ናት። ከተበሳች ግን ፓምፑ ካምሻፍቱን (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ) ይበላዋል። የታይሚንግ ችንጋውን መቼ እንደቀየሩና የካምቢዮ ዘይቱን ከነፊልትሮው በየ60,000 ኪሎ ሜትሩ መቀየራቸውን በደረሰኝ አረጋግጥ። በቃል የሚነገርህን አትመን።

ሊብሬ፦
የሁለቱንም ሞተርና ሻንሲ ቁጥር ከሊብሬው ጋር አመሳክር። ሞተር ተቀይሮ ካልተመዘገበ ስም ሲዛወርም፣ ካሳ ሲጠየቅም ይያዝብሃል።

የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ግዴታ ነው፤ ያንተን መኪና ግን አይጠግንም። ሙሉውን ስትገባ ዋናው ነገር የምታስመዘግበው ዋጋ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ የድሮ ግምት ይዞ ማደስ አደገኛ ነው። ገበያው 3,000,000 ብር የሚያወጣውን በ2,000,000 ካስመዘገብክ፣ የ300,000 ብር ጉዳት ሲደርስ የሚታሰብልህ 200,000 ነው፤ ከዚያም ላይ ራስህ የምትሸፍነው ድርሻ ይቀነሳል። ቸርኬውንም ሞላውንም ከነደረሰኙ በጽሑፍ አሳውቅና ፖሊሲው ላይ አስጽፍ። ያልተጻፈ ቸርኬ ቢሰረቅ በፋብሪካው ቸርኬ ዋጋ ነው የሚያዩልህ፣ ያልተነገረ ለውጥ ደግሞ መከራከሪያ ይሆንባቸዋል። ውድድርና የፍጥነት ሙከራ በአብዛኛው ፖሊሲ ከሽፋን ውጭ ነው። ፈርመህ ከመውጣትህ በፊት ይህን ክፍል አንብበው።

ካንዴላ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወደ ሴሊካው አዘንብያለሁ። ስንት ላውርደው? ቸርኬስ 17 ኢንች ይገባል?

ካቴና፦
ከ30 ሚሊሜትር አታሳልፍ፤ በከተማው ጉብታ ሆዱ ይመታል። ሞላ አታስቆርጥ። የተቆረጠ ሞላ ጎማው ሲንጠለጠል ከመቀመጫው ይወጣል፣ ሾኩም ቶሎ ያልቃል። ለመኪናው የተሠራ አጭር ሞላ ካላገኘህ እንዳለ ይሁን። 17 ይገባል፤ 205/45 ጎማ አድርግበት፣ በ16 ኢንች ቸርኬ ላይ ካለው 205/50 የሚበልጠው በ5 ሚሊሜትር ዲያሜትር ብቻ ስለሆነ የፍጥነት ቆጣሪህ አይዛባም። ቸርኬው ባለ 5 ቡሎን ነው፣ ቡሎኖቹ የተደረደሩበት ክብ 100 ሚሊሜትር ነው፤ የመሐል ቀዳዳው 54.1። ቸርኬው ቀዳዳው ሰፊ ከሆነ መሙያ ቀለበት አስገባ፣ አለዚያ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ስትነዳ መሪው ይንቀጠቀጣል። ማርሚታው ድምፅ እንጂ ጉልበት አይጨምርም፤ ገንዘቡን ለፍሬን ሸራና ለአዲስ የፍሬን ዘይት አውለው። ሞላ ከተቀየረ በኋላ አላይመንት ወዲያው አሠራ፣ ካልሆነ ጎማው በውስጥ በኩል ተበልቶ ያልቃል።