ስለ ብሩስ ሊ ለታዳጊዎች ምን እናስተምር?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ፣ ሂርማታ አካባቢ ታዳጊዎችን ማርሻል አርት አሠለጥናለሁ። ሁሉም ብሩስ ሊን ይወዱታል፤ ይሁን እንጂ የሚያውቁት በፊልም ብቻ ነው። ስለ ሕይወቱና ስለ ውርሱ ምን ልንገራቸው?

መልስ፦ አሠልጣኝ፣ ከመምህርነቱ ቢጀምሩ እመርጣለሁ። እ.ኤ.አ. በ1940 ሳን ፍራንሲስኮ ተወልዶ ሆንግ ኮንግ ያደገው ብሩስ ሊ፣ ዊንግ ቹን የተባለውን ስልት በኢፕ ማን ሥር ተምሮ በ1959 ወደ አሜሪካ ተመለሰ። ሲያትል ውስጥ ማስተማር ሲጀምር ጥቁር፣ ነጭ፣ እስያዊ ሳይል ሁሉንም ተቀበለ፤ ለእኔ ከፊልሞቹ ሁሉ የሚበልጥብኝ ይህ ነው።

መልስ፦ እኔም እስማማለሁ፤ ነገር ግን ጥበቡን በተግባር ያሳዩአቸው። በ1964 በአሜሪካ ሎንግ ቢች ከተማ ያሳየው የአንድ ኢንች ቡጢ፣ ማለትም ከአንድ ኢንች ያህል ርቀት ላይ የሚሰነዘረው ቡጢ፣ የክንድ ኃይል ብቻ አልነበረም፤ ኃይሉ ከኋላ እግር ተነሥቶ፣ በጉልበትና በዳሌ አልፎ፣ ክርን በሚዘረጋበት ቅጽበት ጡጫው ላይ ይደርሳል። ሠልጣኞችዎ በዝግታ፣ ከተረከዛቸው ጀምረው ይሞክሩት። ጂት ኩን ዶ ብሎ የሰየመው መንገድም የሚጠቅመውን ከየስልቱ መውሰድን፣ የማይጠቅመውን መተውን ያስተምራል።

መልስ፦ ስለ አሟሟቱ መጠየቃቸው አይቀርም። ሐምሌ 20 ቀን 1973 (እ.ኤ.አ.) ሆንግ ኮንግ ውስጥ በአንጎል እብጠት ሲያርፍ ገና 32 ዓመቱ ነበር፤ በመላው ዓለም ያስጠራው «ኢንተር ዘ ድራገን» የተባለው ፊልም ለሕዝብ የቀረበውም ከሞቱ በኋላ ነው። ተመርዞ ነው የሚለውን ወሬ ግን እባክዎ ለልጆቹ አያስተላልፉ።