ኤፌሶን 5 በሰርግ ላይ ሲነበብ ከየት ይጀመር?

ሙሽራው፦ ሰላም ለሁላችሁ። በቤተ ክርስቲያን ልንጋባ ነው። አገልጋያችን «የሚነበቡትን ክፍሎች እናንተው ምረጡ» ብለውናል። ዘፍጥረት 2 ላይ ሁላችንም ተስማማን። ኤፌሶን 5 ላይ ግን ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። እጮኛዬ «ባሎች ሆይ» ከሚለው ከቁጥር 25 ይጀመር ትላለች። አባቷ ደግሞ «ሚስቶች ሆይ» ብሎ «ተገዙ» የሚለው ቁጥር 22 ከተዘለለ ቃሉ ተሸራረፈ ባይ ናቸው። እናንተስ?

ፓስተሩ፦ እኔ ከአባቷ ጋር ነኝ፤ ግን በግማሽ። ያልተመቸንን እየዘለልን ካነበብን የሚቀረን የፖስትካርድ ጽሑፍ ነው። ሆኖም ከ22 መጀመርም ያው መቁረጥ ነው። ቁጥር 21 ሁሉም አንዱ ለሌላው እንዲገዛ ያዛል። እሱን ትቶ ሚስቶችን ብቻ የሚጠራ ሰው ራሱ ሸራርፏል። ደግሞ ቁጠሩት። ለሚስቶች የተነገረው ሦስት ቁጥር ነው። ከ25 ወዲያ ያለው ሸክም ከሞላ ጎደል የባል ነው። ክርስቶስ ለቤተ ክርስቲያን ራሱን አሳልፎ እንደ ሰጠ ሚስትህን ውደድ መባል ቀልድ አይደለም።

አንዷ ሚስት፦ ፓስተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይህን ሁሉ የሚያብራሩት በስብከት ነው። ንባቡ ብቻውን ሲሰማስ? ሰው ከሁለት ደቂቃ ንባብ ይዞ የሚወጣው «ተገዙ» የምትለዋን ነው። ከዚያ ድግሱ ላይ «ሰማሽ አይደል?» የሚል አጎት አይጠፋም። እኔ ላይ ደርሷል። ፈገግ ብዬ አለፍኩት እንጂ አንጀቴ እርር ብሎ ነበር።

ካቶሊኩ፦ «ተሸራረፈ» ለሚሉት አባት አንድ ነገር ልበል። በእኛ የጋብቻ ንባቦች ውስጥ ይህ ክፍል ረጅምም አጭርም ሆኖ ተቀምጧል። አጭሩ ከምዕራፉ ቁጥር 2 መጀመሪያዋን ይወስድና በቀጥታ ወደ 25 ይሻገራል፤ 32 ላይ ያቆማል። የፈቀደችው ቤተ ክርስቲያን ራሷ ናት፤ ማንም አልሰረቀውም። ምርጫው ግን ልቅ አይደለም። ቢያንስ አንዱ ንባብ ስለ ጋብቻ በግልጽ የሚናገር መሆን አለበት። ግጥም በመጽሐፍ ቅዱስ ንባብ ቦታ አይገባም። ለድግሱ ይቆይ።

ነገረኛው፦ ግሪኮቹና ሩሲያውያኑ ኦርቶዶክሶች ተገላግለዋል። በእነሱ የተክሊል ሥርዓት ኤፌሶን 5፥20–33 እና የቃናው ሰርግ፣ ማለትም ዮሐንስ 2፥1–11፣ አንዴ ተወስነው ተቀምጠዋል። ሙሽራ አይመርጥ፣ አማት አይጣላ።

የመዘምራን አባል፦ ለምን ትጨቃጨቃላችሁ? 1ኛ ቆሮንቶስ 13ን አንብቡና ገላግሉን። ወይም የሩትን፣ «ወደምትሄጂበት እሄዳለሁ» የሚለውን። ማንም አይከፋበትም።

ነገረኛው፦ ጳውሎስ እሱን የጻፈው ለሙሽሮች መሰለህ? ማን የበለጠ ጸጋ አለው እያሉ ለሚናቆሩ የቆሮንቶስ ምእመናን ነው። ምዕራፍ 12ንና 14ን አንብብ። ሩት ደግሞ ያን ያለችው ለባሏ ሳይሆን ለአማቷ ለኑኃሚን ነው። ባሏማ ሞቷል።

አንዷ ሚስት፦ ታዲያ ምን ይሁን? ትዳር ውስጥ ንቁሪያ የለም ያለህ ማነው? «አይበሳጭም፥ በደልን አይቈጥርም» የሚለው ለሚጣላ ሰው ካልሆነ ለማን ሊሆን ነው? ቆሮንቶስን አትንኩብኝ። የሩትን ግን ተውት። አማቴ በዚያን ቀን ቢሰሙት ኖሮ ጓዛቸውን ጠቅልለው ይመጡ ነበር።

የመዘምራን አባል፦ ምንም ምረጡ፣ አንባቢው ጽሑፉን ቀድሞ ይያዘው፤ በወረቀት። አንዱ ከስልኩ ሲያነብ መሃል ላይ ስክሪኑ ጨለመበት። ይለፍ ቃሉን እስኪያስገባ ሙሽሮቹ ቆመው ጠበቁት።

ፓስተሩ፦ ወደ ጥያቄው እንመለስ። እህቴ ስለ አጎቱ ያነሳሽው እውነት ነው፤ አልክድም። ግን አጎቱን ዝም የሚያሰኘው መዝለል አይመስለኝም። ከ21 እስከ 33 ሙሉው ይነበብ። ያን ጊዜ ለሁሉም ይደርሰዋል፤ ለአጎቱም ጭምር።

አንዷ ሚስት፦ እሺ፣ ከ21 ከሆነ እኔም ተስማማሁ። ግን ማን ነው የሚያነበው? አባቷ ከሆኑ ንባብ መሆኑ ቀርቶ ለልጃቸው ማስጠንቀቂያ ይሆናል።

ሙሽራው፦ እሳቸው ናቸው እኮ! ከወር በፊት ቃል ገብተንላቸዋል።

ነገረኛው፦ እንግዲያው ኤፌሶንን ለሌላ ሰው ስጡና እሳቸው ቆላስይስ 3ን ያንብቡ። ከ12 ጀምሮ ርኅራኄ፣ ትሕትና፣ ይቅርታ ነው፤ ደስ ይላል። 17 ላይ ግን በደማቁ አስምሩበት። 18 ላይ እንደገና «ሚስቶች ሆይ» ይመጣል።