የድምፅ ምህንድስና፦ በትርፍ ጊዜ ልቀጥል ወይስ ሥራ ልቀይርበት?

የማታ ተማሪ

ሰላም ቤተሰብ። አዲስ አበባ ነው የምኖረው፣ የሒሳብ ባለሙያ ነኝ፤ ልቤ ግን ድምፅ ላይ ነው። ማታ ማታና ቅዳሜ ከሰዓት ሪፐር በሚባለው የድምፅ መቅረጫና ማቀናበሪያ ሶፍትዌር ላይ እሠራለሁ። ያለኝ ዕቃ ባለ 16 ጊጋ ራም ላፕቶፕ፣ ሁለት ማይክ የሚቀበል ኦዲዮ ኢንተርፌስ፣ አንድ ኮንደንሰር ማይክና ባለ 5 ኢንች ሞኒተር ስፒከር ጥንድ ነው። ክፍሌ 3.4 በ2.8 ሜትር፣ ከፍታው 2.6፤ ግድግዳው ብሎኬት፣ ወለሉ ሴራሚክ። የምቀመጠው ልክ መሀሉ ላይ ነው።

ሦስት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ ሥራ ለቅቄ የስድስት ወር ኮርስ ልግባ ወይስ እንዲሁ በትርፍ ጊዜ ልቀጥል? ሁለተኛ፣ እቤት ልክ የመሰለኝ ሚክስ (ያቀናበርኩት ድምፅ) መኪና ውስጥ ሲከፈት ቤዙ ይጎርፋል፤ ለምን? ሦስተኛ፣ የላፕቶፑን ቻርጀር ስሰካ ስፒከሩ እዝዝ ይላል፣ ስነቅለው ዝም ይላል። አመሰግናለሁ።

ፌደር ዜሮ

እህቴ፣ ሥራሽን አሁን አትልቀቂ። ችሎታሽን ተጠራጥሬ አይደለም፤ ደሞዝ የሚከፈልበትን የድምፅ ሥራ ገና ስላላየሽው ነው። እቤት ሚክስ ማድረግ የወደደ ሰው ሙያው ያንኑ በሰፊው መሥራት ይመስለዋል። በየሳምንቱ ሰው የሚፈለገው ግን መድረክ ላይ ነው፦ የሆቴል ስብሰባ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ሰርግ፣ ምርቃት፣ ዕቃ አከራዮች ጋ። ቀጥሎ የንግግር ድምፅ ይመጣል፦ ሬዲዮ፣ ማስታወቂያ፣ ዶክመንተሪ፣ ዩቲዩብ። የዘፈን ሚክስ ብቻውን የቤት ኪራይ የሚከፍልለት ሰው ጥቂት ነው።

ገቢውም ወቅት አለው። ጥር ላይና ከፋሲካ በኋላ ሰርግ ይደራረባል፣ በዐቢይ ጾም ይቀዘቅዛል። የአንድ ጥሩ ወር ገቢ አይተሽ በ12 እንዳታባዢ።

መድረኩን ለመሞከር ደግሞ ሥራ መልቀቅ አያስፈልግም። የቤሪንገር ኤክስ 32 ሚክሰር በነፃ የሚወርድ የኮምፒውተር ሶፍትዌር አለው፤ ሚክሰሩ ሳይኖርሽ ከፍተሽ የትኛው ማይክ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ማጥናት ትችያለሽ። ያንን ካወቅሽ በኋላ ቅዳሜ አንድ አዳራሽ ሄደሽ ረዳት ሁኚ። የሚፈትንሽ ነገር ፊድባክ ነው፤ የስፒከሩ ድምፅ ተመልሶ ማይኩ ውስጥ ሲገባ የሚፈጠረው ጩኸት ማለት ነው። ማይክ ሲጮህ ጀማሪ ሁሉ ኢኪው (ቀጭንና ወፍራም ድምፅን ለየብቻ ማስተካከያው) ላይ ይሮጣል። መጀመሪያ ግን የማይኩን ቦታ እይ፦

ተናጋሪው ከማይኩ 20 ሳንቲ ሜትር ርቆ ከነበረና ወደ 10 ከቀረበ 6 ዲቢ (ዴሲቤል፣ የድምፅ መጠን መለኪያ) ገደማ ታተርፊያለሽ፤ በዚያው ልክ ጌይን (የማይኩን ማጉያ) መቀነስ ይቻላል። የማይጠቀሙበትን ማይክ ዝጊ፤ የተከፈተው ማይክ ቁጥር በእጥፍ ባደገ ቁጥር ከመጮሁ በፊት የሚኖርሽ ቦታ በ3 ዲቢ ይቀንሳል። የመድረክ ሞኒተሩን (ዘፋኙ ራሱን የሚሰማበትን ስፒከር) አቀማመጥ የሚወስነው የማይኩ ዓይነት ነው። ሹር ኤስ ኤም 58 ካርዲዮይድ ስለሆነ ድምፅ የማይሰማው ቀጥታ ከኋላው ነው፤ ሞኒተሩ እዚያ ይቀመጥ። ሱፐርካርዲዮይድ (ከፊት ጠበብ አድርጎ የሚሰማ) ከሆነ ግን ደካማው ጎኑ ከኋላ ወደ ጎን ዞር ብሎ በ126 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሞኒተሩን ቀጥታ ከኋላው ካደረግሽው ራስሽ ፊድባክ ጋበዝሽ። ዘፋኙ የማይኩን ጭንቅላት በእጁ ሲጨብጥ ደግሞ ይህ ሁሉ ይፈርሳል፤ በትሕትና ንገሪው። ከዚህ ሁሉ በኋላ አሁንም ከጮኸ ነው ኢኪው፦ የሚጮኸውን ድግግሞሽ ፈልገሽ በጠባቡ ከ3 እስከ 6 ዲቢ። አምስትና ስድስት ቦታ እየቆረጥሽ ከሆነ ችግሩ ኢኪው አይፈታውም፣ ድምፁንም ባዶ ታደርጊዋለሽ።

አዳራሹ ረጅም ሆኖ መሀል ላይ ተጨማሪ ስፒከር ካለ የእሱን ድምፅ ማዘግየት አለብሽ። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሙቀት በሰከንድ 343 ሜትር ይሄዳል። ስለዚህ ከፊተኛው 20 ሜትር የራቀ ስፒከር 58 ሚሊ ሰከንድ ይዘግይ፤ 10 ያህል ጨምሪበት፣ ያን ጊዜ ሰው ድምፁ ከመድረኩ የመጣ ይመስለዋል። የከተማችን ከፍታ ይህን ሒሳብ አይቀይረውም፣ የሚቀይረው ሙቀቱ ነው።

ጸጥ ያለ ክፍል

ስለ ቤዙ ልመልስልሽ፤ መልሱ ጥያቄሽ ውስጥ አለ። «ልክ መሀሉ ላይ» ብለሻል።

የድምፅን ፍጥነት፣ 343ን፣ ለክፍሉ ርዝመት እጥፍ አካፍይ። 3.4 ሜትሩ 50 ኸርዝ፣ 2.8ቱ 61፣ ከፍታው 66 ይሰጥሻል። በእነዚህ ድግግሞሾች ድምፁ በግድግዳዎች መካከል እየተመላለሰ ግድግዳው አጠገብ ይወፍራል፣ መሀል ላይ ይጠፋል። አንቺ የተቀመጥሽው 50 ኸርዝ በሚጠፋበት ቦታ ነው። ጆሮሽ ቤዝ አጣ፣ እጅሽ ጨመረ፤ መኪናው ውስጥ የሚጎርፈው ያ የጨመርሽው ነው። ሌላ ስፒከር ብትገዢም እዚያው ቦታ ላይ ያው ነው።

ጠረጴዛውን በረጅሙ አቅጣጫ አዙሪና ጆሮሽ ከፊት ለፊቱ ግድግዳ 1.3 ሜትር ገደማ ላይ ይሁን። ቁጥሩ መነሻ ነው፣ ሕግ አይደለም። ስፒከሮቹን ከፊተኛው ግድግዳ በ10 ሳንቲ ሜትር አስጠጊያቸው። ሜትር ያህል ካራቅሻቸው ከግድግዳው የተመለሰው ድምፅ 86 ኸርዝ አካባቢ ከቀጥታው ጋር ይጠፋፋል፤ የከበሮና የቤዝ ጊታር ጉልበት እዚያ ነው። ከጎን ወደ ጎን ግን እኩል መሀል ሁኚ፣ አለዚያ ግራና ቀኙ ይዛባል።

የእንቁላል ካርቶን እንዳትለጥፊ። ከላይኛው ድምፅ ትንሽ ይወስዳል፣ ቤዙን አይነካውም፣ እሳትም ይወዳል። ባለ 10 ሳንቲ ሜትር የጥጥ ፍራሽ ከኋላ ግድግዳ 10 ሳንቲ ሜትር ራቅ አድርጎ ማቆም ከዚያ እጅግ ይሻላል። ለጎኖቹ ጓደኛሽ መስታወት ግድግዳው ላይ እያንሸራተተች ትሂድ፤ ከወንበርሽ ሆነሽ ስፒከሩ የታየሽበት ቦታ ላይ ወፍራም ነገር ስቀይ። ሴራሚኩ ላይ ምንጣፍ።

ለማረጋገጥ ከ40 እስከ 200 ኸርዝ የሚወጣ ንጹሕ ድምፅ ዝቅ አድርገሽ አጫውቺ። አንዱ ቦታ ላይ ድምፁ ድንገት ከጠፋ ወንበሩን 20 ሳንቲ ሜትር ወደፊት ወይም ወደኋላ አንቀሳቅሺ። የመለኪያ ማይክ ካገኘሽ ሩም ኢኪው ዊዛርድ የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር በግራፍ ያሳይሻል።

ወደ ቀረጻ ስትመጪ ደግሞ አማርኛ ራሱ የሚጠይቀው ነገር አለ፤ የውጭ ቪዲዮዎች አይነግሩሽም። ጠ፣ ቀ፣ ጨ እና ጸ ሲነገሩ አጭርና ስለታም ፍንዳታ አላቸው። ሜትሩ ላይ አማካዩ ረጋ ብሎ እያለ እነሱ ብቻ ዘለው ይወጣሉ። ስለዚህ በ24 ቢት ቅረጪ፣ ትልቁ ጫፍ ከዜሮ (ከሜትሩ ጣሪያ) በ10 ዲቢ ዝቅ ብሎ ይቀመጥ፤ በ24 ቢት ዝቅ ብሎ መቅረጽ የጀርባ ጫጫታ አያመጣብሽም። ኮምፕረሰሩ (ጎልተው የሚወጡ ድምፆችን የሚጫነው) ላይ 3 ለ1፣ አታክ (መጫን እስኪጀምር የሚቆይበት ጊዜ) ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሰከንድ፣ ከ3 እስከ 5 ዲቢ መቀነስ ይበቃል። አታኩን 1 ሚሊ ሰከንድ ካደረግሽው ፍንዳታውን ይጫነዋል፤ ጠ ወደ ተ፣ ቀ ወደ ከ ይጠጋብሻል፣ ንግግሩ ሁሉ የደነዘዘ ይመስላል።

ዲኤሰርም (የሰ እና የሸን ፉጨት የሚቀንሰው) እንዲሁ። ሰ ከ6 እስከ 9 ኪሎ ኸርዝ ላይ ስታፏጭ ሸ ከ3 እስከ 5 ላይ ናት። 7 ላይ የተቀመጠ አንድ ዲኤሰር ሸን አያያትም። ሁለቱንም በአንድ ሰፊ ዲኤሰር ለመያዝ ስትሞክሪ ደግሞ ሰውየው ምላሱ የታሰረ ይመስላል። ሁለት ለየብቻ አድርጊ፣ ወይም ሸ ጥቂት ከሆነች በእጅ 2 እና 3 ዲቢ ዝቅ አድርጊያት፤ እኔ የምመርጠው የእጁን ነው።

ማይኩ ከአፍ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ትንሽ ወደ አፍ ጥግ ዞር ያለ ይሁን፤ ፐ እና ጰ ቀጥታ አይመቱትም።

የማታ ተማሪ

ጠረጴዛውን አሁኑኑ አዞረዋለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ። የቻርጀሩስ ነገር? ኮርሱስ?

ጥሬ ፋይል

እዝታው የመብራት ኃይሉ የ50 ኸርዝና የተከታዮቹ፣ ማለት የ100 እና የ150 ነው፤ አንዳንዴ የቻርጀሩ የራሱ ቀጭን ጩኸት ይደረብበታል። ላፕቶፑ በቻርጀሩ በኩል፣ ስፒከሩ በራሱ ገመድ በኩል በሁለት መንገድ ከመሬት መስመር ጋር ሲገናኙ ዙር ይፈጠራል። በዚህ ቅደም ተከተል ሂጂ፦ ላፕቶፑም ስፒከሩም አንድ ዲቫይደር ላይ፣ ዲቫይደሩ አንድ ሶኬት ላይ ይሰካ። ካልተወ ከኢንተርፌሱ ወደ ስፒከሩ የሚሄደውን ገመድ ባላንስድ በሆነ፣ ጫፉ ላይ ሁለት ጥቁር ቀለበት ባለው ጃክ ቀይሪ። አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ያልቃል። አሁንም ካለ ኤሌክትሪሺያን ጠርተሽ ሶኬቱ እውነተኛ የመሬት መስመር እንዳለው አስለኪ፤ ብዙ ቤት ሦስተኛው ቀዳዳ ከምንም ጋር አልተገናኘም። የመሬቱን እግር ሰብሮ መሰካት መፍትሔ ነው የሚልሽን አትስሚ፤ 220 ቮልት ማይኩ ላይ ከንፈርሽ ጋ ሊመጣ ይችላል። እስከዚያው በባትሪ ቅረጪ።

ስለ ኮርሱ ከመክፈልሽ በፊት ሄደሽ ጠይቂ፦ አንድ ሚክሰር ላይ ስንት ተማሪ ይቆማል? በሳምንት ስንት ሰዓት እጄ ፌደር (የሚክሰሩ ድምፅ ማሳነሻና ማጉያ ተንሸራታች) ላይ ይሆናል? መጨረሻ ላይ ይዤው የምወጣው በራሴ የተሠራ ሥራ ምንድን ነው? አሥራ አምስት ሰው ከአስተማሪ ጀርባ ቆሞ የሚያይ ከሆነ ያንኑ ከስክሪን ታያለሽ። ጥሩ ኮርስ ካገኘሽም የማታውን ክፍለ ጊዜ ያዢ።

ሥራ መቀየሩን በሒሳብ ነው የምትወስኚው፣ ያ ደግሞ ያንቺ ሙያ ነው። አሁን በትርፍ ጊዜሽ የንግግር ኤዲቲንግ ተቀበይ፤ ለማታ ሥራ ይመቻል፣ መድረክ መሮጥ የለውም። ለእያንዳንዱ ሥራ ሰዓቱን በሙሉ መዝግቢ። የስልኩ፣ የፋይል ማውረዱና የመላኩ፣ «ትንሽ አስተካክይልኝ» የተባለው ሁሉ ይቆጠር። ክፍያውን ለዚያ አካፍይና ከደሞዝሽ ሰዓት ጋር አስተያይ። ጀማሪዎች የሚከስሩት ማስተካከያውን ሳይቆጥሩ ነው። ዋጋ ስትነግሪ «ሁለት ማስተካከያ አለው፣ ሦስተኛው ይከፈልበታል» ብለሽ በጽሑፍ ላኪ፣ ግማሹን ቅድሚያ ተቀበይ።

የስድስት ወር ወጪ ተቀምጦ፣ ከዕቃው ግዢ ውጭ ማለቴ ነው፣ ቢያንስ ሦስት ደንበኛ ሳትጠሪያቸው ተመልሰው ከመጡና ከገቢሽ ግማሽ በላይ ከአንዱ ብቻ ካልመጣ፣ ያን ጊዜ መልቀቁን አስቢ። ያ ካልሆነና ሥራው ግን ደስ ካሰኘሽ በትርፍ ጊዜ መቅረቱ ምንም አይጎድለውም፤ የፈለግሽውን ክራር ለአንድ ወር እየቀረጽሽ መቀመጥ የምትችዪው ማንም ቀነ ገደብ ሳይሰጥሽ ነው። ባለሙያው ይህን አያገኝም።

ሪፐር 60 ቀን በነፃ ይሞከራል፤ ከዚያ በሥራው የምታገኚው ዓመታዊ ገቢ ከ20 ሺህ ዶላር በታች እስከሆነ ድረስ ፈቃዱ 60 ዶላር ነው። ገንዘብ መቀበል ስትጀምሪ ክፈዪው።

ስታስረክቢ፦ የአውሮፓን ስርጭት መለኪያ ለሚጠይቅ ቴሌቪዥን 23 ሉፍስ (የአማካይ ድምፅ ጉልህነት መለኪያ) ከዜሮ በታች፣ ለፖድካስት 16፣ ስፖቲፋይ ሲያጫውት 14 ላይ ያመጣዋል። ጫፉ ከዜሮ በ1 ዲቢ ዝቅ ብሎ ይቁም። ለቪዲዮ የናሙና ፍጥነቱ 48 ኪሎ ኸርዝ። በ44.1 የተቀረጸ ፋይል ሳይቀየር እንደ 48 ከተነበበ በ8.8 ከመቶ ይፈጥናል፣ ድምፁም አንድ ተኩል ሴሚቶን ይቀጥናል፤ ሰውየው ሕፃን መሰለ ብለው ከደወሉልሽ መጀመሪያ ይህን እይ። ጥሬውን ቀረጻ ደግሞ ሁለት ዲስክ ላይ፣ አንዱን ከቤት ውጭ አስቀምጪ። መብራት በቀረጻ መሀል ስለሚሄድ ሪፐር በየ5 ደቂቃው ራሱ እንዲያስቀምጥ አድርጊው።

ፌደር ዜሮ

በሒሳቡ እስማማለሁ፤ ንግግር ብቻ ያዢ የሚለው ላይ ግን አልስማማም። የመድረኩን ቅዳሜ አትተይው። ኤዲቲንግ ሲበላሽ ወደኋላ ትመልሻለሽ፤ መድረክ ላይ መመለሻ የለም፣ ይህን ሙያ ትችይው እንደሆነ ቶሎ የምታውቂው እዚያ ነው።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ላይ ሚክሰር አትንኪ። ፕሮግራሙ ሊጀመር ሦስት ሰዓት ሲቀረው ድረሺ። የትኛው ማይክ በስንተኛው መስመር እንደገባ በወረቀት ጻፊና ለባለሙያው አሳዪው። ኬብል መጠቅለል ተማሪ፦ አንዱን ዙር ከላይ፣ ቀጣዩን ከሥር አዙረሽ። ክንድ ላይ እንደ ገመድ የተጠመጠመ ኬብል ውስጡ ይጣመማል፣ ከጊዜ በኋላ ጫፉ ጋ ይበጠሳል፣ የሚበጠሰውም ፕሮግራም ላይ ነው። ሲከፈት ሚክሰሩ ይቀድማል፣ ስፒከሩ መጨረሻ ነው፤ ሲጠፋ በተቃራኒው፤ አለዚያ በሚሰማው ዱብታ ትዊተሩ (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው የስፒከሩ ክፍል) ይቃጠላል። የመብራቱና የድምፁ መስመር ለየብቻ መሆኑን ጠይቂ።

የጆሮ መሰኪያም ይዘሽ ሂጂ። 94 ዲቢ ላይ የሚፈቀደው አንድ ሰዓት፣ 100 ዲቢ ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ሰርግ ቤት ስፒከሩ አጠገብ 100 በቀላሉ ያልፋል። በማግስቱ ጆሮሽ ጭው እያለ ከሆነ ያን ቀን ሚክስ አታድርጊ።