የሚረጋ ዘይት ከሸማቾች ሱቅ ይውጣ ወይስ ይቆይ? የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች ክርክር

ጦሳ (ደሴ)፦ ሰላም ጀማው። «የሚረጋው ዘይት ደም ስር ውስጥም እንደዛው ይረጋል» የሚለውን ሁሉም ሰው የሚላላከውን ቪዲዮ አይታችሁታል መሰለኝ። የኔ አቋም ግልጽ ነው፣ የሚረጋው ዘይት፣ ማለትም ከውጭ የሚመጣው ፓልም ዘይት፣ በሸማቾች ማህበር መታደሉ ይቁም። ጠዋት ተነስታችሁ ጀሪካኑን እዩት እስቲ፣ ነጭ ሆኖ ተጋግሮ በማንኪያ እየተፋቀ ነው የሚወጣው፣ ይሄ ሆድ ገብቶ ደህና ነገር ይሰራል ብሎ የሚያምን አለ? በየሰፈሩ ገና በአርባ በሃምሳ ዓመቱ ስትሮክ የሚጥለው ሰው በዛ እኮ። አያቶቻችን የኑግና የሱፍ ነበር የሚበሉት።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፦ ወንድምዓለም ያንን ጀሪካን የሐረጎን ዳገት አውርደህ እኛ ጋ ብታመጣው ቀትር ላይ ፈሳሽ ሆኖ ነው የሚቀዳው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ናት እኛ 1,850 አካባቢ ነን፣ ያረጋው ብርዱ ነው። የሰው ገላ ደግሞ 37 ዲግሪ ነው፣ ፓልም እዛ ሙቀት ላይ ይቀልጣል። ደሞ ዘይት እንደተጠጣ ደም ስር አይገባም፣ አንጀት ውስጥ ተፈጭቶ በፕሮቲን ተጠቅልሎ ነው የሚጓዘው። ስለዚህ ቪዲዮው የሚለው ነገር ስህተት ነው፣ እሱን እንተወው። የምግብ ሳይንስ ተምሬያለሁ፣ ይሄ ወሬ የሚያናድደኝ ትክክለኛውን ጉዳይ ስለሚሸፍነው ነው። ትክክለኛው ጉዳይ ምንድነው፣ ፓልም ውስጥ ካለው ስብ ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ የሚባለው ቶሎ የሚረጋው የስብ ዓይነት ነው፣ የሱፍ አበባ ውስጥ ግን ወደ 10 ከመቶ ነው። ሳቹሬትድ ሲበዛ ጉበት መጥፎውን ኮሌስትሮል ኤልዲኤልን ከደም የሚሰበስብበት አቅም ይዳከማል፣ ኤልዲኤል ደም ውስጥ ይቆያል፣ በዓመታት ደም ስር ያጠብባል። እ.ኤ.አ. 2015 ላይ ብዙ ሙከራዎችን አንድ ላይ የመረመረ ጥናት ወጥቶ ነበር፣ ፓልም የሚበሉት ሳቹሬትዱ ዝቅ ያለ የአትክልት ዘይት ከሚበሉት ይልቅ ኤልዲኤላቸው በአማካይ በ0.24 ሚሊሞል በሊትር ከፍ ብሎ ነው የተገኘው። ትንሽ ትመስላለች ግን ዕድሜ ልክ ነው የሚበላው።

ሮቢት (ደሴ)፦ እና ራስህ መለስከው እኮ፣ ጎጂ ነው ካልክ ይውጣ ነዋ፣ ምን ያከራክረናል? መንግስት በድጎማ የሚያድለው ነገር ሰውን የሚጎዳ ከሆነ ድጎማው ለበሽታ ነው ማለት ነው።

ሳምቡሳ ጠባሿ (ደሴ፣ ሸዋበር)፦ ይውጣ የምትሉ ሰዎች ግን ፈሳሹን ዘይት ዋጋውን ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሳምቡሳና ቦንቦሊኖ ጠብሼ ነው ልጆች የማሳድገው፣ የሚረጋው ባይኖር ረመዳንን እንዴት እንደምወጣው አላህ ይወቀው። ደሞ ሲጠበስ የሚረጋው ይሻላል፣ ፈሳሹ ቶሎ አረፋ ያወጣል ይጠቁራል መጥበሻው ላይ ሙጫ ይሆናል። ይሄን በስራ ነው ያወቅኩት።

ቦርከና፦ እህቴ ልክ ነሽ፣ ማንም የማያነሳውን ነገር ስላነሳሽው ደስ ብሎኛል። የሱፍና የኑግ ዘይት ስቡ አብዛኛው ሊኖሌይክ የሚባለው የማይረጋ ስብ ነው፣ ለልብ ጥሩ ነው ግን እሳት ላይ ብዙ ሲቆይ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ቶሎ ይበላሻል። ፓልም በዚህ ይጠነክራል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ለሚጠበስበት ሱቅና ለቤት ወጥ አንድ መልስ የለም። ብቻ አንድ ነገር ልለምንሽ፣ የትናንቱ ላይ አዲስ እየጨመሩ መቀጠል ይቅር፣ ፍርፋሪው ይጠለል፣ አረፋው ካልጠፋ ወይ ገና ሳይግል ከጨሰ ይደፋ። ያ ዘይት ፓልምም ይሁን ሌላ ጎጂ ነው።

ሳምቡሳ ጠባሿ፦ መጠለሉን እጠልላለሁ። መድፋት ግን ገንዘብ ነው ወንድሜ።

ቧንቧ ውሃ (ደሴ)፦ እኔ ደሞ ሁላችሁም አልተስማማችሁኝም። ፈረንጆቹ ራሳቸው እኮ ሃሳባቸውን ቀይረዋል፣ አሜሪካ ሚኒሶታ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1968 እስከ 1973 ከ9 ሺህ በላይ ሰው ላይ የተሰራ ሙከራ አለ፣ ቅቤና ሌላውን ስብ በበቆሎ ዘይት ተክተው ኮሌስትሮሉ በጣም ወረደ፣ ሞቱ ግን አልቀነሰም። ውጤቱ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ ቀርቶ እ.ኤ.አ. 2016 ነው ተቆፍሮ የታተመው። ስለዚህ ፈሳሹ ዘይት ነው መርዙ፣ እኔ ቤት ቅቤ ብቻ ነው።

ቦርከና፦ ሙከራው እውነት ነው፣ መታተም የነበረበትም ያኔ ነው፣ ያ በጣም ያሳዝናል። ግን ሙሉውን እንየው። ሰዎቹ አእምሮ ሆስፒታል የተኙና አረጋውያን ማቆያ የነበሩ ናቸው፣ አብዛኞቹ ቶሎ እየወጡ ምግቡን አንድ ዓመትና ከዛ በላይ የቀጠሉት 2,355 ብቻ ናቸው። ለልብ በሽታ አንድ ዓመት ምንም አይደለም። ከዛ ወዲህ እ.ኤ.አ. 2020 ኮክሬን የሚባለው የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመረምር ድርጅት 15 ሙከራዎችን፣ ከ50 ሺህ በላይ ሰው፣ አንድ ላይ አይቶ ሳቹሬትድ ስብን ቢያንስ ለሁለት ዓመት መቀነስ የልብ ህመምና ስትሮክን የመሳሰሉትን በ17 ከመቶ እንደሚቀንስ አገኘ። ጠቅላላ ሞት ላይ ግን ግልጽ ልዩነት አላየም፣ ይሄንንም አልደብቅም። እ.ኤ.አ. 2019 ደግሞ ደማቸው ውስጥ ሊኖሌይክ ከፍ ያለ ሰዎች በልብ በሽታ የሚሞቱት ያነሱ ሆነው ተገኝተዋል፣ በ30 የክትትል ጥናት። መርዝ ቢሆን ተቃራኒው ነበር የሚታየው።

እና ስለ ቅቤ ካነሳህ፣ የቅቤ ስብ ከ60 ከመቶ በላይ ሳቹሬትድ ነው፣ ከፓልም ይበልጣል። የሚረጋ ዘይት ፈርተን ዶሮው ላይ ቅቤ በጭልፋ የምንገለብጥ ከሆነ ራሳችንን ነው ያታለልነው። ቅቤ አትብሉ አላልኩም፣ የበዓል ነው፣ ግን ሚዛኑ ለሁሉም አንድ ይሁን።

ቧንቧ ውሃ፦ የወሎ ቅቤና የማሌዥያ ፓልም አንድ ነው እያልከኝ ነው? በፍጹም አልቀበልም። ቅቤ ቫይታሚን አለው።

ቦርከና፦ ቫይታሚን ኤ አለው፣ ትክክል። ፓልምም ሲጨመቅ ቀይ ነው ገላችን ወደ ቫይታሚን ኤ በሚቀይረው ካሮቲን የተሞላ፣ ተጣርቶ ሲነጣ ነው የሚጠፋው። እኔ የማወራው ስለ ስቡ ነው።

ጦሳ፦ እሺ የመርጋቱን ነገር ተቀብያለሁ፣ ከብርዱ ነው። ግን አቋሜ አልተቀየረም፣ ሰሊጣችንን ወደ ውጭ ልከን ዘይት ከውጭ የምንገዛ ሀገር ነን፣ ድጎማው ለኑግና ለሱፍ አምራቹ ቢሆን ጤናውም ገበያውም ይስተካከል ነበር። እስከዛ ቢያንስ አማራጭ ይኑር፣ ሸማቾች ሱቅ ስትሄድ ያለው እሱ ብቻ ነው።

ቦርከና፦ እዚህ ላይ ካንተ ጋር ነኝ ሙሉ በሙሉ። እኔ በአንድ ቀን ይከልከል የሚለውን ነው የምቃወመው፣ ምክንያቱም ፓልም ሲጠፋ ድሃው ሱፍ አበባ አይገዛም፣ ወይ ያለ ዘይት ያድራል ወይ በቆርቆሮ ወደሚሸጠው የአትክልት ቅቤ ይሄዳል። ያ በፋብሪካ በሃይድሮጅን በከፊል የጠነከረ ከሆነ ትራንስ ፋት የሚባል ስብ አለው፣ እሱ ደግሞ ከሳቹሬትድም የባሰ ነው፣ የዓለም ጤና ድርጅት ጭራሽ ይጥፋ ብሎ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ እየሰራበት ያለ ነገር ነው። እኔ የምለው ጀሪካኑ ላይ በአማርኛ በትልቁ «ፓልም» ተብሎ ይጻፍ፣ ሳቹሬትዱ ስንት እንደሆነ ይጻፍ፣ ድጎማው ቀስ እያለ ወደ ፈሳሹ ይዙር።

ሮቢት፦ የጀሪካኑ ጽሑፍ ለማን ነው? ጀሪካን ሙሉ የሚገዛው እኮ ደህና ደሞዝ ያለው ነው። እኛ ሰፈር አብዛኛው ሰው ባዶ ሃይላንድ ይዞ ሄዶ ግማሽ ሊትር ነው የሚያስቀዳው፣ ጽሑፉን የሚያየው ባለሱቁ ብቻ ነው። ባለሱቁ ደሞ ሁለቱን ቀላቅሎ ቢሸጥም በሃይላንድ ውስጥ ማን ይለየዋል?

ቦርከና፦ ይሄ ነጥብ ከባድ ነው። ደሴ ላይ ከሆነ ብርዱ በከፊል ይለይልሃል፣ የረጋው ብዙ ፓልም አለበት ማለት ነው። እኛ ኮምቦልቻ ግን መለያ የለንም። ቀበሌው ተቀድቶ ለሚሸጥ ዘይት የሚቀዳበት ዕቃ ላይ ስሙ እንዲለጠፍ ማስገደድ ይችላል፣ የሚከብድ አይደለም።

ሳምቡሳ ጠባሿ፦ እኔም በሃይላንድ ነው የማስቀዳው፣ ምን እየገዛሁ እንደሆነ አንድም ቀን ተነግሮኝ አያውቅም። ይለጠፍ፣ ይሄንን እደግፋለሁ። ዋጋው ግን ካልተስተካከለ ስሙን አንብቤም ያንኑ ነው የምገዛው።