የዓይን ፈተናውን አለፍኩ፣ ማታ ግን በግምት ነው የምነዳው። ምን ልመርመር?

ባለተሳቢው፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምነዳው ተሳቢ ነው፤ ዕድሜዬ 50ን አልፏል። በቅርቡ መንጃ ፈቃድ ላሳድስ ስል ዓይኔን ተመረመርኩ። እግሩ ወዴት እንደዞረ የሚጠየቅበትን የ«ኢ» ሰሌዳ እስከ ታች ድረስ ሳልሳሳት ጠቆምኩ። «ዓይንህ ደህና ነው» ተባልኩ።

ቀን ላይ እውነትም ደህና ነኝ። ጉዱ ማታ ነው። ከፊት የሚመጣ መኪና መብራቱ ዙሪያውን ጨረር ይረጭብኛል። መኪናው ካለፈም በኋላ የአስፋልቱ ጠርዝ ወዲያው አይመለስልኝም። ባለፈው ረዳቴ «ሰው! ሰው!» ብሎ ሲጮህ ነው ፍሬን የያዝኩት። ጥቁር ካፖርት የለበሰ ሰውዬ ጠርዙን ይዞ ይሄዳል። ካፖርቱን ያየሁት ስፖኪዮው አጠገብ ሲደርስ ነው። ረዳቴ ተኝቶ ቢሆንስ?

ፈተና ያለፈ ዓይን እንዴት እንዲህ ይሆናል? ሄጄስ ምን መርምሩልኝ ልበል? ቢጫ መነጽር ይረዳል የሚሉትስ? አልደብቃችሁም፣ «ከእንግዲህ አትንዳ» እንዳይሉኝ እፈራለሁ። ልጆቼን የማሳድገው በዚህ መሪ ነው።

ጎማ ለጎማ፦
ወንድሜ፣ እንኳን ሰውዬው ተረፈ። መጀመሪያ የፊት መስታወትህን ከውስጥ በኩል ጥረገው። የውጪውን ሁሌ እናጥባለን፣ የውስጡን ማንም ዞር ብሎ አያየውም። የሚለጠፍበት ቀጭን ቅባት ቀን አይታይም፤ ማታ መብራት ሲያርፍበት ነው የሚያስቸግረው። መጥረጊያ የጫረው መስታወትም ያው ነው። ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ካልተሻለህ ዓይንህን ታየው። ቢጫውን እኔ አደርገዋለሁ፣ ቀለል ይለኛል።

የዓይን ባለሙያዋ፦
ጋሼ፣ ሥራዬ ዓይን መመርመር ነው፤ ሹፌሮችም ብዙ ጊዜ ይመጡልኛል። የጻፉትን ሳነብ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ያ ሰሌዳ የሚለካው አንድ ነገር ብቻ ነው። በደንብ በበራ ክፍል ውስጥ፣ ቁጭ ብለው፣ በነጭ ላይ የተጻፈ ጥቁር ምልክት ከሩቅ ይለዩ እንደሆነ። ማታ መንገድ ላይ ነጭና ጥቁር የለም። ጥቁር ካፖርት በጥቁር አስፋልት ላይ ነው ያለው። ይህንን የመለየት አቅም ሰሌዳው አይነግረንም። ዓይን ከኃይለኛ መብራት በኋላ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚያገግምም አይለካም። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲነዱ በሰከንድ 22 ሜትር ያህል ይጓዛሉ። ለሦስት ሰከንድ ብቻ ጠርዙ ቢጠፋብዎት 66 ሜትር ሳያዩ ሄዱ ማለት ነው። ያውም ጭነት እንደያዙ።

በእርስዎ ዕድሜ መብራት ሲበተን መጀመሪያ የምጠረጥረው የዓይን ሞራ ጅማሬ ነው። ሞራ ገና ሲጀምር ሰሌዳ ከማንበብ ላያግድ ይችላል። የዓይን ሌንስ ግን ጥርት ስላላለ ብርሃኑን ይበትነዋል። ሌላው መንስኤ በመነጽር የሚስተካከል ትንሽ የእይታ ጉድለት ሊሆን ይችላል። በጨለማ የዓይን ብሌን ስለሚሰፋ፣ ቀን የማያስቸግር ጉድለት ማታ ይወጣል።

እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ግላኮማ የሚባለው፣ የዓይንን ነርቭ የሚጎዳው በሽታ ነው። የእርስዎ ምልክት እሱ ነው እያልኩ አይደለም። ግን አብዛኛውን ጊዜ አያምም፣ አይቀላም፤ የጎን እይታን ቀስ እያለ ይበላል። አንዱ ዓይን የሌላውን ጉድለት ስለሚሸፍን ባለቤቱ አያውቀውም፤ ሰሌዳውንም እስከ ታች ያነባል። ከጎን ሞተር ሳይክል ሲገባበት ግን አያየውም። የጠፋው እይታ አይመለስም፣ የቀረውን ግን በመድኃኒት ማቆየት ይቻላል።

ስለዚህ ሲሄዱ «ማታ መብራት ይበተንብኛል፣ ተሳቢ ነው የምነዳው» ብለው ይጀምሩ። የዓይን ግፊት፣ የጎን እይታ እና በጠብታ ብሌን ተከፍቶ የሚታየውን ምርመራ ይጠይቁ። ጠብታው ለሰዓታት ያደበዝዛል፤ በዚያን ቀን መሪ እንዳይነኩ።

ወንድማችን የመስታወቱን በትክክል ብሏል። ቢጫው ላይ ግን አልስማማም። ማታ ያለችውን ጥቂት ብርሃን ይቀንሳል፤ ቀለል ማለቱ የተሻለ ማየት አይደለም። መነጽር ከታዘዘልዎ ቀለም የሌለው፣ ነጸብራቅ መከላከያ የተቀባ ይሁን።

ስለ ሥራዎ፦ መነጽር የሚያስተካክለው ከሆነ በአጭሩ ያልቃል። ሞራ ከሆነም በቀዶ ሕክምና ሌንሱ ይቀየራል፤ ከዚያ በኋላ ሐኪም ፈቅዶላቸው ወደ መሪያቸው የተመለሱ ሹፌሮች አውቃለሁ። እስኪመረመሩ ድረስ ግን እባክዎ ማታ አይንዱ።

ባለተሳቢው፦
እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ለአለቃዬ ነግሬው ለጊዜው የቀን ጭነት ብቻ ሊሰጠኝ ተስማምቷል። ቀጠሮም ይዣለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፤ ስኳር አለብኝ። ለመነጽር ልለካ ብል ለውጥ ያመጣል?

የዓይን ባለሙያዋ፦
በጣም ያመጣል፣ ጋሼ። ስኳር ከፍ ዝቅ ሲል የመነጽሩ ቁጥርም አብሮ ይለዋወጣል። ስኳርዎ ባልተረጋጋበት ቀን የተለካ መነጽር ከሳምንታት በኋላ ላይሆንዎት ይችላል። የቅርብ ጊዜ የስኳር ውጤትዎን ይዘው ይሂዱ፤ ሬቲናዎንም፣ ማለትም ከዓይን ጀርባ ብርሃን የሚቀበለውን ስስ ሽፋን፣ እንዲያዩልዎ ይንገሯቸው። ዓይንዎን ባያምዎትም እንኳ ይህ ምርመራ በየዓመቱ ይደረግ። ውጤቱን እዚሁ ይጻፉልን።